ነጂባ ያወጣችው የጫጉላ መንገድ

በደሴ መናኸሪያ ካሉት የትኬት መስኮቶች ሦስተኛው የነጂባ ነው። መስታወቱ ከታች በኩል እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለችው፤ በዚያች ቀዳዳ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትኬት ስታቀብል ኖራለች። ወልድያ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ወረኢሉ፣ አዲስ አበባ፤ የስንቱን አገር ስም እንደጻፈች ራሷም አታውቀው። የሄደችበት ቢቆጠር ግን የአንድ እጅ ጣት አይሞላም።

እንዲያም ሆኖ የመንገድ ነገር ከተነሣ እሷን የሚያህል የለም። የትኛው መኪና ኩርባ ላይ ሰው እንደሚያንገላታ፣ የትኛው ሾፌር በየመንደሩ እንደሚቆም፣ የትኛው ወንበር ሆድ እንደሚያገላብጥ ታውቃለች። መንገድ ተዘጋ ሲባል የእውነት የተዘጋውንና በወሬ የተዘጋውን ከተሳፋሪው ፊት ትለያለች። ይህን ዕውቀቷን ግን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰው ከመስኮቷ ትኬት ይጠይቃል እንጂ ምክር አይጠይቅም።

ትምህርት የተወችው ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። አባቷ ቀድሞ ሞቷል፤ እናቷም ታናሿን ሉባባን ወልዳ ዓመት ሳይሞላት አረፈች። ነጂባ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ደብተሯን ጣራው ሥር ሻጠችውና ሕፃኗን አዝላ እዚሁ መናኸሪያ ቆሎ መሸጥ ጀመረች። መኪኖቹ ሲወጡ ሉባባ ጀርባዋ ላይ ሆና እጇን ታወዛውዝ ነበር። አራት ዓመት ቆይቶ ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ ወደ መስኮቱ ገባች። ከዚያ ወዲህ አልወጣችም። አለመውጣቷም አያስቆጫትም፤ ሉባባ በዚያች ቀዳዳ በኩል አድጋ፣ ተምራ፣ ዛሬ ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ሁለት ማሽን የምትቆጣጠር ሴት ሆናለች። ነጂባ አሥራ ሁለት የሚለውን ቁጥር ለሚሰማትም ለማይሰማትም ትናገረዋለች።

ሉባባ ልታገባ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ አንድ እሑድ ከእጮኛዋ ከሚስባህ ጋር እኅቷ ቤት መጣች። ሚስባህ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዳ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ልጅ ነው። ሉባባ እንደገባች ጫማዋን አወለቀች። እግሯ እንደ ወትሮው አብጧል፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ በማሽኖቹ መካከል ስትመላለስ ነው የምትውለው። ነጂባ ውሃ አሙቃ፣ ጨው ጨምራ፣ ሳፋውን ከእግሯ ሥር አቀረበችላት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንለምንሽ ነው የመጣን» አለች ሉባባ።

«ሰርጉን ልታስቀሩት ከሆነ በጉ ተገዝቷል።»

ሚስባህ ሳቀ። «ሰርጉስ ይሁን። የጫጉላውን መንገድ አንቺ አውጪልን። የት እንደምንሄድ፣ የት እንደምናድር።»

«ጓደኛህ ጀላል አውጥቶላችሁ የለም እንዴ?»

ጀላል የሚስባህ ሚዜ ነው፤ እሱም ሾፌር ነው። ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርን፣ አዲስ አበባን በሰባት ቀን ጠቅልሎ በቴሌግራም ልኮላቸዋል፤ ከየከተማው ፎቶ ጋር።

«የጀላል የጭነት ፕሮግራም ነው» አለ ሚስባህ። «እዚህ አራግፍ፣ እዚያ ጫን ነው የሚለው። መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ እንኳን አልጠየቀም። እኔ እትዬ ነጂባ፣ ዓይኔን ስጨፍን አስፋልት ነው የሚሮጥብኝ። ወላሂ፣ የናፈቀኝ የቆመ ነገር ማየት ነው።»

«እኔ ደግሞ መተኛት» አለች ሉባባ። «ተኝቼ፣ ነቅቼ፣ እንደገና መተኛት። ፈረቃሽ ደረሰ የሚለኝ ሰው ሳይኖር። የሰጡኝ ስምንት ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሌላው ዓመት ድረስ የለኝም።»

ነጂባ የእኅቷን እግር ከውሃው አውጥታ በፎጣ ጠቀለለችው። «ስምንት ቀን ብዙ ነው። ቀላል ነው» አለች።

ቀላል አልነበረም። በማግሥቱ የአጎታቸው የአብዬ መሕሙድ መልእክት መጣ።

አብዬ መሕሙድ የአባታቸው ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቦሩ ሜዳ ይኖራሉ። በዘመዱ ሁሉ ላይ ታላቅ ስለሆኑ፣ ሰርግ ካለ ሙሽሮች ከሰርጉ በኋላ ማን ቤት ቀድመው እንደሚጠሩ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሙሽራ ያልጠራ ዘመድ ዘመድ አይባልም፤ ከተራው ዘሎ የጠራም እንደ ደፋር ይቆጠራል። ተራው የሚወጣው በዕድሜ ነው። መልእክቱን ያመጡት ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ሀፊዝ ነበሩ፤ ከኩታበር ለገበያ መጥተው መስኮቱ ሥር ቆሙና በቃላቸው ወረዱት። መጀመሪያ ቦሩ ሜዳ አብዬ መሕሙድ ቤት፣ ቀጥሎ ኮምቦልቻ አክስት ፋጡማ ቤት፣ ቀጥሎ ኩታበር ራሳቸው ጋሽ ሀፊዝ ቤት፣ ከዚያ ሐርቡ፣ ከዚያ ሐይቅ፣ ከዚያ እንደገና ኮምቦልቻ የሙሽራው አጎት ቤት፣ በመጨረሻ ደሴ የአብዬ መሕሙድ የበኩር ልጅ ቤት። ሰባት ጥሪ በሰባት ቀን። ስምንተኛው ቀን ኮምቦልቻ ወደ ራሳቸው ቤት መግቢያ ነው።

 አንድ ጊዜ ነጂባም ሙሽራ ነበረች። ዘጠኝ ቤት አዙረዋት ነበር። በየቤቱ በግ ታርዷል፣ በየቤቱ ተመርቃለች፣ በየቤቱ ከሴቶች ጋር አድራለች። ከባሏ ጋር ብቻዋን የተገናኘችው አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው፤ በአሥራ ሦስተኛው እሱ ሥራ ገባ። ወር ሳይሞላ ሳውዲ ሄደ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የፍቺው ወረቀት መጣላት። አልከፋትም ማለት አይቻልም፤ ግን በቅጡ የማታውቀውን ሰው ምን ብላ ታልቅስለት።

ጋሽ ሀፊዝ እንደሄዱ ያገለገለ የትኬት ጥራዝ ገለበጠችና በጀርባው ጻፈች። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ማለት ሐረጎን መውረድ ነው፤ ኩርባ በኩርባ ላይ። ሉባባ ከልጅነቷ ጀምሮ ሐረጎ ላይ ትታመማለች፤ ላስቲክ ሳትይዝ ተሳፍራ አታውቅም። ነጂባ የአብዬን ተራ ሰርጉ ከሚደረግበት ከደሴ ጀምራ በመንገድ ስታሰላው ሙሽሮቹ ሐረጎን ሰባት ጊዜ ሊወጡና ሊወርዱ ነው። ሰባቱን ቆጥራ እርሳሱን አስቀመጠች። ከዚያ አነሣችና የራሷን ጻፈች፤ አንድ ቀን ቦሩ ሜዳ ዘመድ በአንድነት፣ አምስት ቀን ሐይቅ ላይ ቁጭ፣ አንድ ቀን ኮምቦልቻ አክስት ፋጡማ ቤት፣ ከዚያ ቤት። ሐረጎን መውረድ አንድ ጊዜ ብቻ። ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። በዕድሜዋ ከጻፈችው ሁሉ ያማረ መሰላት።

ስሕተቷ ከዚህ በኋላ ነው። ወረቀቱን ይዛ ስልክ ደወለች። መናኸሪያ የለመደችውን ነው ያደረገችው፤ መኪና ሲለወጥ ለተሳፋሪው ይነገረዋል፣ ተሳፋሪውም ዕቃውን ይዞ ይዛወራል። አብዬ መሕሙድ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ጨረስሽ?» አሏት።

«ጨረስኩ አብዬ።»

«ጥሪ በስልክ ይሰረዛል እንግዲህ» አሉና ዘጉት።

በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው ከኩታበር እስከ ሐርቡ ተዳረሰ፤ ነጂባ ዘመዱን ሁሉ ሰርዛዋለች ተባለ። አክስት ፋጡማ ከኮምቦልቻ ደውላ አለቀሰች። «ጉልበቴ ቢያመኝ እጄ አልታመመ፤ ምን አጠፋሁ?» አለች። ሉባባ ደግሞ ማታ ከፈረቃ ስትወጣ ደወለችና «ይቅር እትዬ፣ እንዞራለን። አንቺ ከዘመድ አትጣዪ» አለቻት። ነጂባን ከሁሉም የከፋት ይህ ነው። የልጅቱ ድምፅ ከአሁኑ የደከመ ነበር።

በማግሥቱ ከጎኗ ባለው መስኮት የሚሠሩት ጋሽ አምባዬ ታሪኩን አስጨረሷት። ጋሽ አምባዬ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ጾምና በዓል ሲደርስ ከነጂባ ጋር ፈረቃ የሚለዋወጡ ሰው ናቸው።

«ወረቀትሽ ልክ ነው» አሏት። «አንቺ ግን ተራ አስከበርሽ እንጂ አልለመንሽም። ሽማግሌ ተሳፋሪ አይደለም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ሂጂና ከእግራቸው ሥር ቁጭ በይ። መስኮትሽን እኔ እይዝልሻለሁ።»

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ወጣች። ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ላስቲክ ተምር ይዛለች። አብዬ መሕሙድ መደቡ ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ሀፊዝ ለሶላት መጥተው ከጎናቸው አሉ። የአብዬ ባለቤት በሩ ሥር ምስር ትለቅማለች።

«የመናኸሪያ ሹም መጣች» አሉ ጋሽ ሀፊዝ። «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትሰርዢ ነው?»

ነጂባ የአብዬን ጉልበት ሳመችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ጥፋተኛ ነኝ። በስልክ መናገሬ ነውር ነው። አፉ ይበሉኝ አብዬ።»

አብዬ መሕሙድ መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ። ግማሽ ያህሉን ሲያልፉ «አፉ ብዬሻለሁ» አሉ። «ጥሪው ግን ጥሪ ነው። እኔ ሳልጠራት የወንድሜ ልጅ ባሏ ቤት አትገባም።»

«እርስዎማ ይጥሩ። እኔም የመጣሁት እርስዎ እንዲጠሩ ልለምን ነው። እስቲ ተራውን ከአፍዎ ልስማው።»

ሽማግሌው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ነጂባ ተምሩን ከፈተች። ነጠላዋን አወለቀችና አጥፋ ምንጣፉ ላይ በመካከል ዘረጋችው። «ይህ ሐረጎ ይሁን» አለች። አብዬ አንድ ስም በጠሩ ቁጥር አንድ ተምር አስቀመጠች፤ ደሴና ከደሴ በላይ ያለውን ከነጠላው ወዲህ፣ ኮምቦልቻና ከኮምቦልቻ በታች ያለውን ከነጠላው ወዲያ። ሰባቱ ሲሞሉ አንድ ትርፍ አወጣች። «ይቺ ሉባባ ናት» አለችና በአብዬ ተራ መሠረት፣ በመጨረሻም ኮምቦልቻ ቤቷ እስክትገባ፣ ነጠላውን እያሻገረች ታስኬዳት ጀመር። ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲህ። ጋሽ ሀፊዝ ጎንበስ ብለው ይቆጥሩ ነበር።

«ሰባት» አሉ። «ሰባት ጊዜ ሐረጎ። አንተ መሕሙድ፣ ራስህ ለመጨረሻ ጊዜ ሐረጎን የወረድከው መቼ ነው?»

«አንተ ዝም በል።»

«የፋጡማ ልጅ ሲገረዝ ነው። ልጁ አሁን ሁለት ልጅ ወልዷል። ያኔም ግማሽ መንገድ ላይ አውርዱኝ፣ በእግሬ እመለሳለሁ ብለህ ሾፌሩን አንቀኸው ነበር።»

ከበሩ ሥር የአብዬ ባለቤት በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። አብዬም ጢማቸው ሥር ፈገግታ ሊመጣ ሲል ያዙት።

«እሺ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«እኛ መናኸሪያ መኪና በየሰው ደጅ አይዞርም አብዬ። ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ በተራው ይሳፈራል። ሙሽሮቹን በየደጁ ከምናዞር ደጁን ሁሉ እርስዎ ግቢ እንሰብስበው። ሁሉም በጉን አርዶ፣ መሶቡን ተሸክሞ ይምጣ። ማንም ጥሪው አይቀርበትም። ተራውን እርስዎ ያስከብራሉ፤ ከእርስዎ መሶብ ይጀመራል።»

«የራሱን ጥሪ በሰው ግቢ የሚጠራ ማን አለ?»

«ታላቅ እያለ የታላቅ ግቢ የሰው ግቢ ነው እንዴ አብዬ?»

«ይህንን መልስላት እስቲ» አሉ ጋሽ ሀፊዝ፤ የእሳቸው ጥሪ ወደ ቦሩ ሜዳ መምጣቱን ገና ያላሰቡ ይመስሉ ነበር።

አብዬ መሕሙድ «የቀረውን ቀን ምን ሊሠሩበት ነው?» አሉ።

«ሊቀመጡ።»

«ዝም ብሎ መቀመጥ?»

ነጂባ መሬት መሬት አየች። ቀጥሎ የተናገረችውን ለማንም ተናግራው አታውቅም። «አብዬ፣ እኔን ዘጠኝ ቤት አዙራችሁኛል። አላህ ይስጣችሁ፣ አክብራችሁኝ ነው። ባሌ ሳውዲ ገብቶ መጀመሪያ የደወለልኝ ቀን ግን ድምፁን አልለየሁትም። ማን ልበል አልኩት። ማን ልበል ያልኩት ባሌን ነው።»

መቁጠሪያው ቆመ። የምስሩም ድምፅ ቆመ። ያኔ የነጂባን የጥሪ ተራ ያወጡት እኒሁ አብዬ መሕሙድ ነበሩ፤ ይህን አራቱም ያውቃሉ። ከዚያ ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉና የሐርቡን ተምር አነሡ፤ ከራሳቸው ጎን አስቀመጡት። የኩታበሩን አነሡ። የሐይቁን፣ የደሴውን፣ የሙሽራውን አጎት አንድ በአንድ ሰብስበው ጎናቸው ደረደሩ። ከነጠላው ወዲያ አንድ ብቻ ቀረች።

«ፋጡማስ?»

«እሷ በጉልበቷ ሐረጎን አትወጣም። ሙሽሮቹ ቤታቸው ኮምቦልቻ ነው፤ ሲመለሱ መጨረሻው ቀን እሷ ቤት ያርፋሉ።»

አብዬ የሉባባን ተምር አንሥተው በጣታቸው አገላበጧት። «አንድ ነገር ግን አለ» አሉ። «ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«የእርስዎ ነው አብዬ» አለች ነጂባ።

በሚኒባስ ስትመለስ ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር። ሐሳቧን ወስደውባታል፤ የዚህ ዓይነቱን መወሰድ ለምዳዋለች። የሉባባ አምስት ቀን ግን እጇ ላይ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ሐይቅ ሄደች። ውሃው ዳር ሰው ሁለት ሦስት ክፍል ሠርቶ የሚያከራይበት ቦታ እንዳለ ከሾፌሮቹ ሰምታለች። ነጂባ በዕድሜዋ የተከራየችው አልጋ ላይ ተኝታ አታውቅም፤ ግን ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች። ፍራሹን በሁለት እጇ ተጫነችው። መስኮቱን ከፍታ ዘጋችው። ዋናው መንገድ የሚሰማ እንደሆነ ለማወቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን አቀናች። የመኪና ድምፅ አልነበረም፤ ከደንገሉ ውስጥ የሚንጫጩ ወፎች ብቻ። አከራዩ ሴትዮ በር ላይ ቆማ ስታያት ቆየችና «አንቺ ነሽ ሙሽራዋ?» አለቻት።

«የሙሽራዋ መናኸሪያ ነኝ» አለች ነጂባ። «ጠዋት በር እንዳታንኳኩባቸው።»

ሰርጉ አለፈ። በማግሥቱ ቦሩ ሜዳ የአብዬ መሕሙድ ግቢ ውስጥ ለስድስት መሶብ በአንድ መስመር ቦታ ተለክቶ ነበር። የመጀመሪያው የአብዬ፣ የመጨረሻው የበኩር ልጃቸው ነው፤ አባትየው ተራውን ራሳቸው በከዘራቸው መሬት ላይ ምልክት አድርገው አስደርድረውታል። ሁለተኛው የጋሽ ሀፊዝ ቦታ ግን ባዶ ነው። የኩታበር ሰዎች መኪና አጥተው ዘግይተዋል፤ የእነሱ መሶብ ሳይቀመስ ሦስተኛውን መክፈት አይቻልም። ከሐርቡ የመጣው ዘመድ ክዳኑን ደጋግሞ ያነሣል፣ ደጋግሞ ይመልሳል።

«ወጡ ቀዘቀዘ እኮ» አለ። «ሀፊዝ ካልመጣ እንዝለለው።»

«ተራ አይዘለልም» አለች ነጂባ፤ ድምፅዋ ከትኬት መስኮቷ የመጣ ያህል። ሰው ሁሉ ሳቀ። አብዬ መሕሙድ ከዘራቸውን ነቅነቅ አድርገው አጸኑላት።

ጋሽ ሀፊዝ ሰዓት አሳልፈው፣ መሶባቸውን በባጃጅ ላይ አቅፈው ደረሱ። «ሙሽራ ጠርቼ ለራሴ ጥሪ ስዘገይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» ብለው ሰው ሳይቀልድባቸው ራሳቸው ቀደሙ። ከዚያ ሉባባና ሚስባህ ከመሶብ ወደ መሶብ ሄዱ። በእያንዳንዱ ላይ ጎረሱ፣ ተመረቁ፣ አሚን አሉ። ነጂባ ከኋላቸው ሆና እርምጃውን ቆጠረችው። ከቦሩ ሜዳ እስከ ኩታበር፣ ከኩታበር እስከ ሐርቡ፣ ከሐርቡ እስከ ሐይቅ፣ ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻና ደሴ ሠላሳ እርምጃ ሆነ። ሉባባ ሠላሳውንም በነጠላ ጫማ ተራመደችው፤ እግሯ አላበጠም።

አብዬ መሕሙድ እንግዳውን ሁሉ እየያዙ «አስቤ አስቤ ይህን መላ መታሁ» ይሉ ነበር። ነጂባ ውሃ እያደለች በአጠገባቸው አለፈች።  ዐስር ሶላት እንደተሰገደ ሙሽሮቹን የሐይቅ ሚኒባስ ላይ አሳፈረች፤ ሁለተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ጎማው ላይ ያላረፈ ወንበር።

ከዚያ ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ጋሽ አምባዬ ጠዋት እንደገባች ጠየቋት።

«የት ደረሱ?»

«እዚያው ናቸው።»

በማግሥቱም ጠየቋት። «ዛሬስ?»

«እዚያው።»

በሦስተኛው ቀን ሰልፍ ላይ የቆመ አንድ የለመደ ተሳፋሪም ጠየቃት፤ ወሬው መናኸሪያውን አዳርሷል። «እዚያው ናቸው» አለችው፣ ትኬቱን ከበፊቱ ቀና ብላ እየሰጠችው። ከቀትር በኋላ ሉባባ ደወለች። ድምፅዋ እንቅልፍ የጠገበ ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬ እስከ አራት ሰዓት ተኛሁ። ስነቃ ሚስባህ ውሃው ዳር ቁጭ ብሏል። ምን ታያለህ ብለው፣ ምንም አይንቀሳቀስም አለኝ። ደስ ብሎታል። ትናንት ስለ እናቱ ሲያወራልኝ አመሸ። እኔም ስለ አንቺ አወራሁት፤ ቆሎ ስለምትሸጪበት ጊዜ።»

«ሌላ ወሬ አጣሽ?»

«አጣሁ» አለች ሉባባ።

ጀላል በቴሌግራም ሁለት ጊዜ ጎንደር መቼ ትገባላችሁ ብሎ ጠይቋቸዋል። ሚስባህ የሐይቁን ፎቶ ልኮለታል። በማግሥቱ ያንኑ ፎቶ መልሶ ልኮለታል።

በሰባተኛው ቀን ሙሽሮቹ ደሴ መናኸሪያ ደረሱ። ነጂባ መስኮቷን ዘግታ ለጋሽ አምባዬ ቁልፉን ሰጠችና ከእነሱ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ተሳፈረች። ላስቲክ ይዛ ነበር። ሐረጎ ሲጀምር ሉባባን በዓይኗ ጥግ ጠበቀቻት፤ በመጀመሪያው ኩርባ፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው። ሉባባ ራሷን ሚስባህ ትከሻ ላይ ጥላ ዓይኗን ከፍታ ታች ያለውን አገር ታያለች። ሚስባህ የሾፌሩን እጅ አያይም፤ ዳገቱ ላይ ያለውን ዛፍ ነው የሚያይ። ነጂባ ላስቲኩን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

አክስት ፋጡማ በከዘራ ተደግፋ በር ላይ ቆማ ተቀበለቻቸው። ሉባባን በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ ብዙ ጊዜ አየቻት።

«ማሻ አላህ። የሙሽራ ፊት እንዲህ አርፎ አይቼ አላውቅም። እኛ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ዓይናቸው ገብቶ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ነጂባ ዞረች። «ይህን መንገድ ያወጣው መሕሙድ ነው ብለው ነገሩኝ።»

ሉባባ አፏን ልትከፍት ስትል ነጂባ በዓይኗ ከለከለቻት። «አዎ፣ አብዬ ናቸው» አለች።

«መሕሙድ?» አለች አክስት ፋጡማ። «ሐረጎን ሲወርድ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው መንገድ የሚያወጣ? እኔን ደግሞ ሞኝ አታድርጊኝ።»

መሶቡ ቀረበ። ነጂባ እንደ ልማዷ ልታስተናግድ ተነሣች፤ አክስት ፋጡማ በከዘራዋ ጫፍ ቀሚሷን ያዘቻት። «ተቀመጪ» አለች። ከራሷ ጎን፣ ከሙሽሮቹ ፊት አስቀመጠቻት። እጇን ታጠበች፤ ከበጉ የለሰለሰውን መርጣ፣ በእንጀራ ጠቅልላ የመጀመሪያውን ጉርሻ አዘጋጀች። የመጀመሪያው ጉርሻ የሙሽራ ነው። ሉባባ አፏን ልታሰናዳ ስትል እጁ አልፏት ነጂባ አፍ ላይ ደረሰ።

«አክስቴ፣ ሙሽራዋ እዚያ ናት» አለች ነጂባ።

«አውቃለሁ የት እንዳለች። ጉረሺ።»

ነጂባ ጎረሰች። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ እስክታላምጠው ድረስ መናገር አልቻለችም፤ ይህም ጠቀማት። ሉባባ ከመሶቡ ማዶ እያየቻት ነበር፤ ሚስባህም ጎንበስ ብሎ።

በማግሥቱ ንጋት ሙሽሮቹ ቤታቸው ገቡ። ነጂባም በመጀመሪያው መኪና ሐረጎን ወጥታ በሰዓቷ መስኮቷን ከፈተች። ሰልፉ ረጅም ነው። ጋሽ አምባዬ ከጎኗ ካለው መስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ዛሬስ የት ደረሱ?»

«ቤታቸው» አለች ነጂባ፤ ሰልፉ በሙሉ እንዲሰማት ቀና ብላ። ከዚያ እርሳሷን አነሣችና ለቀጣዩ ሰው «ወዴት ነህ?» አለችው።